መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ፦ በጨንቻ መንገድ ከቤንዚን ወደ ኤሌክትሪክ የተቀየረ አንድ ሞተር ሳይክል

አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,285 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ። የሚለያያቸው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከታች ሙዝና ማንጎ የሚበቅልበት ሙቅ አገር፣ ከላይ ጋቢ የሚያስደርብ ደጋ። ዶርዜን አልፎ ወደ ሸለቆው በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ አባያና ጫሞ ሐይቆች ከእግር በታች ተዘርግተው ይታያሉ፤ ቱሪስት ይህን ሲያይ ፎቶ ያነሳል፣ ባለ ሞተር ግን ፍሬኑን ያስባል።

የጉዳያችን ባለቤት በዚህ መንገድ የሚኖር የፖም ነጋዴ ነው። ቤቱ ጨንቻ አጠገብ ካለ ጉብታ ላይ ነው። ጠዋት ከገበሬዎች የሰበሰበውን ፖም በሁለት ሣጥን አስሮ ወደ አርባ ምንጭ ይወርዳል፣ ለሆቴሎች ያስረክባል፣ ከሰዓት በኋላ ባዶ ሣጥኑን ይዞ ይመለሳል። ጭነቱ 50 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው፤ የሚጓዘውም ሁልጊዜ ቁልቁል ነው። ይህችን ነገር አንባቢ ይያዛት፤ ሥራው በሙሉ የቆመው በእርሷ ላይ ነው።

ሞተር ሳይክሉ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጨረታ የተገዛ አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ነው። ለጭቃና ለድንጋይ የተሠራ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ባለ ሁለት ምት፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚቃጠልበት ሞተር ያለው። እንዲህ ያሉ ሞተር ሳይክሎች በገጠር የግብርናና የጤና ባለሙያዎችን ሲያመላልሱ ኖረዋል፤ ጥንካሬያቸውን የሚክድ የለም። ይህኛው ግን ከአንድም ሁለት ጊዜ ሲሊንደሩ ተቦርቡሮ ፒስቶኑ በትልቅ ቁጥር ተቀይሯል። በመጨረሻ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ተሰብሮ የሲሊንደሩን ግድግዳ ሲቧጥጠው ለቶርኖ ቤት የሚተርፍ ብረት አልቀረውም። እኛ ጋራዥ የመጣው ተጭኖ ነው።

ከሞተሩ መሞት በፊትም መንገዱ ራሱ ያስቸግረው ነበር። ካርቡራተር ለአንድ ከፍታ ይስተካከላል። ለአርባ ምንጭ አየር የተስተካከለው ጨንቻ ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ጭስ ያበዛል፣ ካንዴላ ያጠቁራል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። ለላይኛው ካስተካከሉት ደግሞ ከታች ቤንዚኑ አንሶት ፒስቶን ያቃጥላል። ባለቤቱ መካከለኛውን መርጦ በሁለቱም ይሰቃይ ነበር። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና ይህ ጣጣ ከሥሩ ይነቀላል። ለእኔ ከቤንዚን ዋጋ በፊት የመጣው ምክንያት ይኸኛው ነው።

ዋጋውም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በሊትር ከ100 ብር አልፏል፤ ይህ በማደያ ሲገኝ ነው። ማደያ ሲደርቅ በመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ሌላ ዋጋ አለው፣ ንጽሕናውንም የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው።

አማራጮቹ ሦስት ነበሩ፤ ሌላ ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መግጠም፣ አዲስ ኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል መግዛት፣ ወይም ያለውን መቀየር። የመጀመሪያው ያንኑ በሽታ መልሶ መግዛት ነው። ሁለተኛው በከተማ አስፋልት ለሚሄድ ሰው የሚመከር ነው፤ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ግን ትንንሽ ጎማና አጭር ሞላ ያላቸው ስለሆኑ የጨንቻን ድንጋይ አይችሉም። የዲቲው ሻንሲ፣ ሹካና ጎማ ግን ለዚሁ የተፈጠሩ ናቸው። ለመቀየር የወሰንነው ሞተር ለማዳን ብለን ሳይሆን ሻንሲው ስለሚያሳሳ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። መቀየር የሚያዋጣው ጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ናይሮቢ ውስጥ በ2017 እ.ኤ.አ. ኦፒበስ በሚል ስም የተነሳው፣ ዛሬ ሮም የሚባለው ኩባንያ ሥራውን የጀመረው የሳፋሪ መኪኖችን ወደ ኤሌክትሪክ በመቀየር ነበር፤ በኋላ ዋና ትኩረቱን ከመነሻው ኤሌክትሪክ ሆነው ወደሚሠሩ ሞተር ሳይክሎችና አውቶቡሶች አዞረ። እያንዳንዱ አሮጌ ተሽከርካሪ የራሱ ጠባይ ስላለው በአንዱ የተማሩት ለሌላው እንዳለ አይሠራም። በብዛት ለማምረት ይህ መርገም ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ሥራ ለሚሠራ ጋራዥ ግን እንጀራው ነው።

ይወጣል ወይ?

ጋራዡ ደጃፍ ላይ የቆመ ሁሉ የጠየቀው ይህንን ነው። «ይህ ባትሪ ዶርዜን ይወጣል?» መልሱ ወረቀት ላይ አለ።

ሞተር ሳይክሉ ከተቀየረ በኋላ 120 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ነጂውና ባዶ ሣጥኑ ሲጨመሩ 200 እንበል። 200 ኪሎ ግራም 1,400 ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ጉልበት 760 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው፣ ድርድር የለውም። በሞተሩ፣ ኃይሉን በሚቆጣጠረው ኮንትሮለርና በሰንሰለቱ የሚባክነውን ስንጨምርበት ከባትሪው 950 ያህል ይወጣል። ጠጠር መንገድ ላይ ጎማው ለመንከባለልና አየሩን ለመግፋት በኪሎ ሜትር ከ25 እስከ 30 ዋት ሰዓት ብንይዝ፣ ለ37 ኪሎ ሜትር ሌላ 1,000 ያህል ነው። አንድ ሽቅብ ጉዞ 2 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው።

የመረጥነው ባትሪ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴል ነው፤ እያንዳንዱ 3.2 ቮልት፣ 50 አምፒር ሰዓት። 24ቱ ተከታትለው ሲያያዙ 76.8 ቮልት፣ በጠቅላላው 3.84 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናሉ። ክብደታቸው ከነሣጥናቸው 40 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ለዚሁ ክብደት የበለጠ ጉልበት የሚይዝ ሌላ ዓይነት ሊቲየም እንዳለ ይታወቃል፤ ግን ነጂው በሁለት ጉልበቱ መካከል አቅፎት ለሚቀመጥ ነገር እኔ ቶሎ የማይቀጣጠለውን እመርጣለሁ። በዚህ የተከራከረኝ ሰው አለ፤ አሁንም አልተስማማንም።

አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት አለው። ስለዚህ መላው ባትሪያችን ከግማሽ ሊትር ቤንዚን ያነሰ ነው። ይህን ስነግረው ባለቤቱ ፊቱ ጠቆረ። የቀድሞው ሞተር ግን ለደርሶ መልስ ከ3 ሊትር በላይ፣ ማለትም ወደ 29 ኪሎዋት ሰዓት ይበላ ነበር። ባለ ሁለት ምት ሞተር የሚበዛውን በሙቀት፣ ጥቂት የማይባለውንም ሳይቃጠል በማርሚታው ይለቅቀዋል። ለጎማው የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው።

ጉልበቱ ከበቃ ቀጥሎ የሚመጣው የጥርስ ጉዳይ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተሩ ካምቢዮና ፍሪሲዮን የለውም፤ አንድ ፍጥነት መቀነሻ ነው ያለው። የእኛ ሞተር በደቂቃ 4,500 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ የኋላ ጎማው ዙሪያ ደግሞ 2 ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት ከ65 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ለሚበቃው ሰው ሞተሩ ስምንት ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ መዞር አለበት። በሰንሰለት ብቻ ይህን ለማምጣት የኋላው ጥርስ እንደ ምጣድ ሊሰፋ ነው። ስለዚህ በራሱ ውስጥ 2.35 ለ1 የሚቀንስ ጥርስ ያለውን ሞተር ገዛን፤ በእርሱ ላይ የፊት 14፣ የኋላ 48 ጥርስ ሲጨመር 8 ለ1 ሆነ። ጠጠር ላይ 15 በመቶ ዳገት ለመውጣት ከሞተሩ የሚፈለገው 15 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይወጣል።

ሰልባትዮው

ባትሪው ተከፍሎ ነው የገባው። 16ቱ ሴሎች ሞተሩ በነበረበት ሻንሲ መካከል፣ 8ቱ ደግሞ ሰልባትዮው፣ ማለትም የቤንዚን ታንኩ ውስጥ። የሰልባትዮው ወለል ተቆርጦ እንደ ክዳን እንዲለበስ ታሰበ፤ ያኔ ሞተር ሳይክሉ የቀድሞ መልኩን ይይዛል፣ ዝናብም ከላይ አይገባም።

የቆረጡት በእድሜ የገፉ በያጅ ናቸው። ሰልባትዮው ቤንዚን ካየ ወራት አልፎታል፤ አፉ ሲሸተት ምንም የለውም። እኔ ግራይንደሩን ሳቀርብ እጄን ያዙት።

«ባዶ ነው እኮ ጋሼ።»

«ልጄ፣ ባዶው ነው ሰው የሚገድል። ሙሉውማ ቢበዛ ይነድዳል፤ ባዶው ግን ይፈነዳል።»

ትክክል ናቸው። ፈሳሽ ቤንዚን ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው ትነቱ ነው የሚፈነዳው፤ ባዶ ሰልባትዮ ደግሞ በዝገቱና በስፌቱ ውስጥ ትነት ይዞ ይከርማል። በፈላ ውሃና በኦሞ ደጋግመው አጠቡት፣ ክዳኑን ከፍተው ፀሐይ ላይ አዋሉት፣ ከዚያ ገልብጠው እስከሚቆረጠው መስመር ድረስ ውሃ ሞሉት። ብረቱ የተቆረጠው ከውሃው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ ትነት የሚጠራቀምበት ቦታ እንዳይኖር። የተቆረጠው ጠርዝ በላስቲክ ተለበጠ፤ ያልተለበጠ ብረት የሴሉን ሽፋን ፍቆ ሌላ ጣጣ ያመጣልና።

ሴሎቹ የመጡት አዲስ አበባ ካለ የሶላር ዕቃ ነጋዴ ነው። አንድ በአንድ ሞልተን አራግፈን ስንለካቸው አንዱ ከወንድሞቹ በግልጽ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ተመልሶ ተቀየረ። ተከታትለው በተያያዙ ሴሎች መካከል ደካማው ነው የሁሉንም አቅም የሚወስነው፤ 23 ጥሩ ሴል አንዱን አይሸፍነውም።

ስለ ሽቦው ብዙ አልልም። ከ60 ቮልት በላይ የሆነ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ በእርጥብ እጅ የሚነካ አይደለም። ፊውዙ ለቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የተሠራ መሆን አለበት፤ የቤት ፊውዝ ሲበጠስ እሳቱን ላያጠፋው ይችላል። ኮንትሮለሩ ሲበራ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በመጀመሪያ በሬዚስተር በኩል ቀስ ብለው መሞላት አለባቸው፤ ያለዚያ የማገናኛው ጫፍ በየቀኑ እየነደደ ያልቃል።

መውረዱ

ወደ ዋናው ነገር ደረስን። አሮጌው ሞተር ሌላው ቢቀር በሁለተኛ ማርሽ ቁልቁለቱን ይይዝ ነበር። የዲቲው ፍሬን ከፊትም ከኋላም በከበሮ ውስጥ የሚጨብጥ ሸራ ነው፤ ሲግል ይለቃል። አሁን 240 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው፣ ፖምና ብረት 1,400 ሜትር ሊወርድ ነው፤ ማርሽ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ።

ኤሌክትሪክ ሞተር ሲገፋ የሚበላውን ሲገፉት መልሶ ያመነጫል፤ ጎማውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ሰው ይህን ሲሰማ ቁልቁለት ነጻ ነዳጅ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ከሚወርደው ክብደት የሚገኘው 900 ዋት ሰዓት ያህል ቢሆንም፣ የሚበዛውን ጠጠሩና ነፋሱ ይወስዱታል፤ የተረፈውም መንገዱ ሲስተካከልና መልሶ ሲወጣ ያልቃል። ወርዶ ሲደርስ ባትሪው ከተነሳበት ጥቂት ያነሰ ነው። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ 10 በመቶ ቁልቁል ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲወርድ አንድ ኪሎዋት ያህል ሙቀት ከፍሬን ሸራው ላይ ያነሳለታል። ጉልበቱን ሳይሆን ሸራውን ነው የሚያተርፈው።

ችግሩ ያለው ጉብታው ላይ ነው። ባለቤቱ ሌሊቱን ሙሉ ሰክቶ ጠዋት ሙሉ ባትሪ ይዞ ይነሳል። ከደጁ እስከ ዋናው መንገድ ያለው ደግሞ ከጉዞው ሁሉ የቆመ ቁልቁለት ነው። ሙሉ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልም። እያንዳንዱ ሴል 3.65 ቮልት ሲደርስ ቢኤምኤስ የሚባለው የባትሪ ተቆጣጣሪ ሰሌዳ መስመሩን ይቆርጣል፤ በዚያች ቅጽበት ጎማውን የያዘው ኃይል ይጠፋል። ይህ ብቻ አይደለም፤ ሞተሩ ማመንጨቱን ሳያቆም ባትሪው ሲለይ ቮልቴጁ ኮንትሮለሩ ላይ ዘሎ ሊያቃጥለው ይችላል።

መፍትሔው ባትሪውን ሙሉ አለመሙላት ነው። ይህን ስለው ባለቤቱ አልተዋጠለትም።

«ወንድሜ፣ ለሙሉው ከፍዬ ጎዶሎውን ልንዳ?»

በቃል የሚያምን ሰው ስላልነበረ በዓይኑ እንዲያይ ተደረገ። ባትሪው እስከ አፉ ተሞላ፤ ሣጥኖቹ ባዶ፣ ከታች ሰፊ ሜዳ ያለበት አጭር ቁልቁለት ተመረጠ። ከመነሻው ሞተሩ እየጎተተ ያዘው፤ ድምፁም ቀጭን ፉጨት ነበር። ጥቂት እንደወረደ ፉጨቱ ድንገት ቆመ፣ ሞተር ሳይክሉ እንደተፈታ በቅሎ ወደፊት ተወረወረ። ባለቤቱ በእግር ፍሬኑ ይዞ ሜዳው ላይ አቆመው። ወርዶ ስለ ሙሉውና ጎዶሎው ሌላ አልተናገረም።

አሁን ያለው ደንብ እንዲህ ነው። በሥራ ቀን ቻርጀሩ 90 በመቶ ላይ ይቆማል። ኮንትሮለሩ ባትሪው 85 ቮልት ሲደርስ ማመንጨቱን ራሱ ቀስ ብሎ እንዲቀንስ ተደርጓል፤ ቢኤምኤሱ የሚቆርጠው ከዚያ በላይ ስለሆነ በተለመደው ጉዞ ተራው አይደርሰውም። ሴሎቹ እርስ በርስ የሚስተካከሉት ግን ሊሞሉ ሲቃረቡ ብቻ ስለሆነ፣ በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ መሞላት አለባቸው። ያ ቀን እሑድ ነው፤ ባለቤቱ ቤተ ክርስቲያን በእግሩ ይሄዳል። ሰኞ ጠዋት እንዳይሳሳት ሞልቶ ያደረውን እሑድ ማታ በሰፈር ዞሮ ያጎድለዋል። የፍሬን ሸራዎቹ አዲስ ናቸው፤ በየጊዜው ተከፍተው ይታያሉ። ኤሌክትሪኩ ፍሬን ያግዛል እንጂ ፍሬን አይደለም፤ ይህን በመሪው ላይ ጽፌ ብለጥፍለት ደስ ይለኝ ነበር።

90 በመቶ ሲሞላና ከታች 10 በመቶ ሲተውለት 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይቀራል። ደርሶ መልሱ በደረቅ መንገድ 2.2 ገደማ ይፈጃል። ክረምት ላይ ግን ጭቃው ጎማ ሲይዝ ፍጆታው ከፍ ስለሚል ጠባብ ነው። አንዱ ደንበኛው የሆነ ሆቴል ፖሙን ሲረከብ ወጥ ቤት አጠገብ ያለውን ሶኬት ይፈቅድለታል፤ ሒሳብ እስኪሠራና ምሳ እስኪበላ ባትሪው ውስጥ የሚገባው የጉዞው ፍጆታ ሩብ ያህል ለዝናብ ቀን ይበቃል።

ጭቃ ሌላም ነገር አሳይቶናል። ኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል፤ ፍሪሲዮን ይዞ ማባበል የለም። ቀይ አፈር ላይ የኋላው ጎማ ቦታው ላይ ይሽከረከራል። በኮንትሮለሩ የመነሻውን ኃይል ዝቅ አድርገን አንድ የዝናብ ቁልፍ ጨመርንለት። ባለቤቱ በጋም ክረምትም በዚያው ቁልፍ ነው የሚነዳው፤ ልማድ ሆኗል።

ወጪውን በተመለከተ፣ ለደርሶ መልስ ከግድግዳው የሚወጣው 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ኪሎዋት ሰዓቱን 6 ብር ብናስብ እንኳ 16 ብር አይሞላም። ቤንዚኑ በማደያ ዋጋ ከ330 ብር በላይ፣ ዘይቱ ለብቻው ነበር። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ግን ጠዋት ሥራ የለም፤ ቤንዚን በሃይላንድ ይገዛል፣ መብራት በሃይላንድ አይገዛም።

ያላለቀው ወረቀቱ ነው። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ተጽፏል፤ ሻንሲው አለ፣ የተጻፈው ሞተር ግን የለም። የአዲሱን ሞተር ደረሰኝና የቁጥሩን ፎቶ አያይዞ ማመልከቻ አስገብቷል። እስኪወሰን ድረስ የአሮጌው ሞተር ግማድ፣ ቁጥሩ የተመታበት ክፍል፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ጋራዡ ጥግ ተቀምጧል። እንዳይጣል የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ፖም ነጋዴውን ያየ ሌላ ባለ ሞተር በቅርቡ መጥቶ ነበር። እርሱ ከአርባ ምንጭ ዱቄትና ለስላሳ ወደ ጨንቻ ያወጣል፤ ከ70 ኪሎ ግራም በላይ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ሒሳቡን አብረን ሠራነው። አንዱ ሽቅብ ብቻ ወደ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል፤ ሁለቱ ከባትሪው ሙሉ አቅም በላይ ናቸው። ባትሪው እጥፍ ቢሆን ሻንሲው አይሸከመውም፣ ከታች በሁለቱ ጉዞዎች መካከል ልሙላ ቢልም ለአራት ሰዓት ያህል መቆም አለበት። ካርቡራተሩን አጽድተን ካንዴላ ቀይረን ሸኘነው።